የሚሄደው ወጣት የማን ምእመን ነው?

“ወጣት” የሚለው ቃል ዕድሜውን ቁረጡ እስክትባሉ ድረስ ቀላል ነው። የ2004ቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ይላል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ይዘረጋዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሺንሺቾ ላይ ግን ማንም ቁጥር አይጠይቅም፤ ካላገባህና ጎጆ ካልወጣህ ወጣት ነህ፣ አለቀ።

አሜሪካ ውስጥ ይኼው ቃል አንድ ትልቅ ነገር ወልዷል። እዚያ በካቶሊክ ቁምስናዎች “የወጣቶች አገልግሎት” ሲባል በተለምዶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማለት ነው። በስፓኒሽ “ሆቨን” የሚባለው ግን የእኛን ወጣት ይመስላል፤ ያላገባ፣ ሥራ የጀመረ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው። እንግዲህ ከሜክሲኮ የመጣና ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን የሚያጥብ የ22 ዓመት ልጅ እሑድ ወደ ቁምስናው ሲሄድ አስቡት። የወጣቶቹ ክፍል ውስጥ ያሉት የ14 ዓመት ልጆች ናቸው። የትልልቆቹ ክፍል ባለትዳሮችን ይዟል፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ለእሱ የሚሆን ወንበር የለም። ፓስቶራል ሁቬኒል የሚባለው የላቲኖ ወጣቶች ሐዋርያዊ አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ ያደገው ይኼን ክፍተት እየሞላ ነው።

ዕድገቱ የታቀደና ረጅም ነበር። የሂስፓኒክ ካቶሊኮች የመጀመሪያው ብሔራዊ “ኤንኩዌንትሮ”፣ ማለትም የመገናኛ ጉባኤ፣ በ1972 ተደረገ። በ2006 ወጣቶቹ የራሳቸውን ብሔራዊ ጉባኤ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ አካሄዱ። በ2018 ቴክሳስ ግሬፕቫይን ላይ የተደረገው አምስተኛው ኤንኩዌንትሮ ከ3,000 በላይ ሰው ሰብስቧል። ከዚያ በፊት ግን ቁምስናዎች በትንንሽ ቡድኖች እየወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይመጣውን ሰው ሳይቀር ሲያነጋግሩ ከርመዋል። ዛሬ ከአሜሪካ ካቶሊኮች 40 በመቶ ገደማ ላቲኖ ናቸው።

ይኼ ብቻ ቢሆን የስኬት ታሪክ ብለን በዘጋነው ነበር። ነገር ግን ፒው የምርምር ማዕከል በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከአሜሪካ ላቲኖ አዋቂዎች ካቶሊክ ነኝ የሚለው በ2010 ከነበረበት 67 በመቶ በ2022 ወደ 43 በመቶ ወርዷል። ሃይማኖት የለኝም የሚለው 30 በመቶ ደርሷል። እንግዲህ አገልግሎቱ እያደገ ሳለ ሕዝቡ እየሳሳ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ስለሆነ ይኼ ዓይነቱ ነገር አያስገርመኝም። አዲስ ተመዝጋቢ ብቻ የምትቆጥር ከሆነ መተግበሪያህ ሁልጊዜ እያደገ ነው። ስንቱ ተመልሶ መጣ፣ ስንቱ ዝም ብሎ ጠፋ ብለህ ስትጠይቅ ነው ሌላው ግራፍ የሚታየው።

ስለ አሜሪካ ላቲኖዎች ከሺንሺቾ ሆኜ የማወራው ያለምክንያት አይደለም። ያ ልምድ ከላቲን አሜሪካ ተነስቶ፣ በአንድ አርጀንቲናዊ ጳጳስ እጅ አልፎ፣ ለዓለም ካቶሊክ ወጣት ሁሉ መመሪያ ሆኗል። መጋቢት 25 ቀን 2019 ሎሬቶ ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የፈረሙበት “ክርስቶስ ሕያው ነው” የተባለው ሐዋርያዊ ቃለ ምዕዳን ማለቴ ነው። በጥቅምት 2018 ስለ ወጣቶች ከተካሄደው ሲኖዶስ በኋላ የተጻፈ፣ ዘጠኝ ምዕራፍና 299 አንቀጽ ያለው ሰነድ ነው። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። እዚህ አካባቢ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ ነው፤ ካቶሊኩ ጥቂት ቢሆንም ሥር የያዘ ነው። በካፑቺን ሚሲዮናውያን ተተክሎ፣ እንደ ሰሜኑ በግዕዝ ሥርዓት ሳይሆን በላቲን ሥርዓት እየቀደሰ አድጎ፣ በ2010 ሆሳዕና ከሶዶ ተለይታ የራሷን ሐዋርያዊ አስተዳደር አገኘች። ሰነዱን በእንግሊዝኛ ያነበብኩት ጎረቤቶቼ ስለሚመሩበት ነው። ሳነበው ያሰብኩትም ስለ ካቶሊክ ወጣቶች ብቻ አይደለም፤ የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ታሰበኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ስለ ወጣቶች አገልግሎት የሚያወራው ሰባተኛው ምዕራፍ ከብዙ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የሚለየው ወጣቱን ተቀባይ አድርጎ ስለማያየው ነው። አገልጋዩ ራሱ ወጣቱ ነው ይላል፤ ትልልቆቹ ይሸኙት፣ መንገዱን ግን እሱ ይፈልግ። “ሕዝባዊ” የሚለው የወጣቶች አገልግሎትም አለ። በር ላይ ቆሞ ማን ንጹሕ ነው ብሎ የማይመርጥ፣ የሚጠራጠረውንም የቆሰለውንም የሚያስገባ አገልግሎት ነው። ይኼ ሐሳብ በቢሮ የተፈጠረ አይደለም። የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በ1979 ፑዌብላ ላይ ለድሆችና ለወጣቶች ቅድሚያ እንሰጣለን ካሉበት ጊዜ ጀምሮ በሰፈር በሰፈር የተፈተነ ነው። የእኛ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት፣ የትኛውም ቤተ እምነት ይሁን፣ ወጣቱን ከመዘምራን ወንበር አሳልፈው ኃላፊነት ላይ ማስቀመጥ ይከብዳቸዋል። በዚህ ሰነዱ ይበልጣቸዋል።

ችግሩ ያለው ስለ ስደት ሲያወራ ነው። ከአንቀጽ 91 እስከ 94 ያለውን አንብቡት። የሚሰደደው ወጣት አለ፤ በባሕርና በበረሃ የሚደርስበት አለ፤ ደላላው አለ፤ የሚቀበሉት አገሮች ጥላቻ አለ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ካሜራው የቆመው የት ነው? በመድረሻው በር ላይ። ሰነዱ ወጣቱን የሚያገኘው ሲደርስ ነው፤ ጥያቄውም እንዴት እንቀበለው የሚል ነው። ስለተተወው መንደር የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ፣ አንድ። ብርቱዎቹና ሥራ ፈጣሪዎቹ ሲሄዱ ማኅበረሰቡ ይጎዳል፣ ወላጅ ሲሰደድ ልጅ ይቀራል ይልና ያልፋል።

ከምባታና ሀዲያ የሚኖሩት እዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የዚህ አካባቢ ወጣት ብዛት ለማንም ምስጢር አይደለም። ሆሳዕና ላይ ፎቅ አይታችሁ በምን ተሠራ ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ጆሃንስበርግ ዳር ያለች አንዲት ሱቅ ናት። ነገሩም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ ስለ ሀዲያ ፍልሰት በጻፈው ላይ እንዳሳየው፣ መንገዱ በትንቢትና በጸሎት ቋንቋም ተጠርጓል። እግዚአብሔር ደቡቡን በር ከፈተ የሚል እምነት አለ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ለስደት ተመልካች አይደለችም። ልጁ ሲወጣ ትጸልይለታለች፣ ሲልክ አሥራቱን ትቀበላለች። በመካከል ባለው መንገድ ላይ ግን የለችም።

መንገዱ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። መጋቢት 24 ቀን 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። 14ቱ ተረፉ። በጥቅምት 2022 ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ መጀመሪያ 25 አስከሬን የያዘ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፣ ዕድሜያቸውም ከ25 እስከ 40 ተገመተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። የወጣቶች አገልግሎት “የኔ ሰው” የሚለው ዕድሜ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የማን ምእመን ነበሩ? የወጡበት ቁምስና ሄደዋል ብሎ ከመዝገብ ሰርዟቸዋል፤ የሚደርሱበትም ገና አያውቃቸውም።

እዚህ ላይ ሰነዱን ሊከላከል የሚፈልግ ሰው፣ አንድ ጽሑፍ ሁሉን ሊል አይችልም ይለኛል። ልክ ነው። ግን የጎደለው ነገር ከራሷ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጓዳ የሚገኝ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ስካላብሪኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያኗ ፒያቼንሳ ጳጳስ ነበር። የገዛ ምእመኖቹ ድህነት እየገፋቸው ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲሄዱ አየ። የሄዱትን ረስቶ የቀሩትን አልጠበቀም፤ አትሂዱ እያለም ሲሰብክ አልኖረም። በ1887 ከስደተኛው ጋር ባሕር የሚሻገር የካህናት ማኅበር አቋቋመ። አገልግሎቱ ከመድረሻው በር አልጀመረም፤ ከተተወው ቀዬ ተነስቶ ሰውየውን ተከተለው። ይኼንን ስካላብሪኒን ራሳቸው ፍራንቸስኮስ ጥቅምት 9 ቀን 2022 ቅዱስ ብለው አወጁት። የምዚምባው መቃብር የተከፈተው ከዚያ አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ሁለቱን ዜናዎች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ። የስካላብሪኒ ልጆች ዛሬ ኬፕታውን ውስጥም ማዕከል አላቸው። የሚጎድለው ከምባታ ላይ የሚጀምረው የክሩ ጫፍ ነው።

ሌላው ክርክር ይከብዳል። የሚሄደውን ከሸኘነው ሂድ እንዳልነው አይቆጠርም ወይ? ደላላው ይኼን በደስታ ነው የሚቀበለው። ግን እስካሁን የተሞከረውን እንይ። መድረክ ላይ “ሕገወጥ ስደት ይቁም” እንላለን፣ እቤት ውስጥ መሬት ሸጠን እንልካለን። ልጁ ሁለቱንም ሰምቶ የሚያምነው የቤቱን ነው። ሊሄድ እያሰበ ያለ ልጅ ሳያፍር የሚናገርበት ቦታ ቢኖር፣ የትኛው መንገድ እንደሚገድል፣ ስንት እንደሚጠየቅ፣ እዚያ ያለው የሱቅ ኑሮና ዘረፋው ምን እንደሚመስል የተመለሰ ሰው ነግሮት፣ ምናልባት የሚቀረው ሊበዛ ይችላል። የሚሄደውም ቢያንስ ስሙን የሚያውቅ ሰው ይኖረዋል።

የስልክ ነገርም አለ፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ሰነዱ ስለ ስደተኞች ከማውራቱ ልክ በፊት፣ አንቀጽ 90 ላይ፣ ኢንተርኔት ወጣቱን “ዲጂታል ስደት” ውስጥ ይከተዋል ይላል። ቦታው ላይ ተቀምጦ ከቤተሰቡና ከእምነቱ ይነቀላል ማለት ነው። ከዚያ በአንቀጽ 91 እውነተኛው ስደት ይጀምራል። ሁለቱ ተከታትለው ተቀመጡ እንጂ አልተገናኙም። እኛ ዘንድ ግን አንድ ነገር ናቸው። እርግጥ ነው፣ የደላላው ወሬና የአዲስ መኪና ፎቶ የሚመጣው በስልክ ነው። ግን ደርባን ያለው ልጅ እናቱን የሚያየው፣ የእህቱን ሰርግ የሚከታተለው፣ የአባቱን ቀብር ቆሞ የሚያለቅሰው በዚያው ስልክ ነው። ለእሱ ስክሪኑ የመነቀያው መሣሪያ አይደለም፤ ከቤቱ ጋር የቀረችው አንዲት ክር እሷ ናት። ሰነዱ ለዲጂታሉ ዓለም አርአያ አድርጎ ካርሎ አኩቲስን ያቀርባል። ድረ ገጽ የሠራ፣ በ2006 በ15 ዓመቱ ያረፈ፣ በ2025 ቅዱስ የተባለ ጣሊያናዊ ልጅ ነው። ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ሆኖም ለዚህ አካባቢ አገልግሎት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከድረ ገጽ የቀለለ ነገር ነው፤ የወጡ ልጆች ዝርዝር፣ በየሳምንቱ የሚደውል አንድ ሰው፣ ስልኩ ካልሠራ “የት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ሰው።

ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ሥር ነው። ፍራንቸስኮስ ወጣቱ ከሽማግሌዎች ጋር ይነጋገር፣ ሥር ከሌለው ዛፍ አያድግም ይላሉ። ይኼንን ከምባታ ላይ ሲያነቡት ትንሽ ይለያል። የእኛ ሰው የሚኖርበት ተክል እንሰት ነው። እንሰትን የሚያውቅ ገበሬ ችግኙን አንድ ቦታ ተክሎ አይተወውም። ይነቅለዋል፣ ሌላ ቦታ ይተክለዋል፣ ሲጠነክር እንደገና ያዛውረዋል። በየመዛወሩ ግን የሚነቅለውም የሚተክለውም እጅ አለ፣ የሚገባበትም ጉድጓድ አስቀድሞ ተቆፍሯል። ሰነዱ ሥርን ከመቆየት ጋር፣ መንቀሳቀስን ከመነቀል ጋር ያጣምራል። ሥር ያለው ሰው ሊሄድ ይችላል። የሚጎዳው እጅ ሳይኖረው የተነቀለው ነው።

እንግዲህ የዚህ አካባቢ የወጣቶች አገልግሎት አደገ ሲባል ብሰማ ስለ አዳራሹ አልጠይቅም። አዳራሽ የሚሞላ ልጅ አለን፤ የመዝሙር ድምፅም ተትረፍርፏል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ከዚህ ቁምስና የወጡት እነማን ናቸው? የት ደረሱ? ማን ደወለላቸው? ያቺ የቀረችው ሚስት፣ ያ አያቱ ዘንድ የቀረው ልጅ፣ ማን ይጎበኛቸዋል? ከመንገድ የተመለሰው ልጅ ዕዳውን ይዞ ቤት ሲቀመጥ፣ እሑድ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? አሜሪካ ያሉት ላቲኖዎች አገልግሎታቸውን የጀመሩት ወንበር የሌለውን ሰው ለይተው በማየት ነበር። እኛ ጋ ወንበሮቹ አሉ። ባዶ የሆኑት ስማቸውን በምናውቃቸው ልጆች ነው።