ሚናራ የሌለው መስጊድ፦ ስለ ዳካው ባይት ኡር ሩፍ

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ፋይዳባድ በተባለ ሕዝብ በተጨናነቀበት ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሠርቶ ያለቀ አንድ የጡብ መስጊድ አለ። ስሙ ባይት ኡር ሩፍ ነው፤ የርኅሩኁ ቤት ማለት ነው። ጉልላት የለውም፤ ሚናራም የለውም። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው እንግዳ፣ ቁመቱ ከሰባት ሜትር ብዙ የማይበልጥ አራት ማዕዘን ቀይ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2016 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ ከዚያ ወዲህም ስለ መልኩ ብዙ ተጽፏል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከሕንፃው ላይ ሆን ተብሎ የቀረው ነገር ነው፤ ማን ሊያስቀረው እንደሚችልና ማን እንደማይችል።

የመስጊዱ ታሪክ የሚጀምረው ከሐዘን ነው። አንዲት አሮጊት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በአጭር ጊዜ ውስጥ አከታትለው ቀበሩ። ከሟቾቹ አንዷ የአርክቴክቷ የማሪና ታባሱም እናት ነበሩ። አያትየው በፋይዳባድ ከነበራቸው መሬት ላይ ቆርሰው ለመስጊድ ሰጡ፤ ንድፉንም እንድታወጣ የልጅ ልጃቸውን ጠየቁ። ሕንፃው ሳይጠናቀቅ እርሳቸውም ዐረፉ። ታባሱም ከንድፍ አውጪነት በላይ አሠሪም ገንዘብ አሰባሳቢም ሆነው ቀሩ። ገንዘቡ በመዋጮ የተሰበሰበ በመሆኑ ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። መስጊዱን የነደፉት ሴት ስለ መሆናቸው ብዙ ተብሏልና እኔ አልደግመውም።

ቦታው አንድ ችግር ነበረበት። የመሬቱ ጎንና የቂብላው አቅጣጫ አይገጥሙም፤ በመካከላቸው የ13 ዲግሪ ልዩነት አለ። በስደት ሀገር በተከራዩት ሱቅ ወይም መጋዘን ውስጥ የሚሰግዱ ወገኖቻችን ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል፦ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ የምንጣፉ መስመር ወደ ሌላ። ታባሱም ጎኑ 23 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ግንብ አቆሙ፤ በውስጡ ክብ ግንብ አስገቡ፤ በክቡ ውስጥ ደግሞ የመስገጃውን አዳራሽ በ13 ዲግሪ አዙረው አኖሩ። ክብ ፊትና ኋላ ስለሌለው በውስጡ ያለውን ነገር ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። በማዕዘኑና በክቡ መካከል የተረፉት ጥጎች ለውዱእ፣ ለደረጃና ለበረንዳ ሆኑ። በክቡና በአዳራሹ መካከል የተረፉት ደግሞ ለሰማይ ክፍት የሆኑ ጠባብ የብርሃን ግቢዎች ናቸው። የዳካ ሰው ይህን ዓይነት ማዘንበል ከዚህ በፊትም አይቶታል። አሜሪካዊው ሉዊስ ካን በነደፉትና እርሳቸው ከሞቱ ከስምንት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 በተጠናቀቀው የፓርላማ ሕንፃ፣ የጸሎቱ ክፍል ወደ መካ ለመዞር ሲል ከሕንፃው መስመር ፈንገጥ ብሎ ይታያል። በካን ዘንድ ግን ማዘንበሉ በግዙፉ ሕንፃ ላይ የተጨመረ አንድ ክፍል ነው፤ በባይት ኡር ሩፍ የሕንፃው ሁሉ ምክንያት ሆኗል። በዚህ ረገድ ትንሹ ሕንፃ ከትልቁ ይልቃል ብዬ አምናለሁ።

በሙያዬ የሳንባ ሐኪም ነኝ፤ ስለዚህ የአንድን አዳራሽ ንድፍ ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው ሰው በውስጡ እንዴት እንደሚተነፍስ ነው። የጁምዓ ሰላት ማለት ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ፣ አጎንብሶ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ዳካ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ናት። በየአገሩ ያየኋቸው አብዛኞቹ አዳዲስ የጸሎት ቤቶች፣ የማንኛውም ሃይማኖት ቢሆኑ፣ መስኮታቸውን ዘግተው ለማቀዝቀዣ መሣሪያ ያደሩ ናቸው። በዚህኛው ግን በውጭው ግንብ ላይ ጡቦቹ እንደ ወንፊት ክፍተት እየተተወላቸው ተደርድረዋል፤ ነፋሱ በእነርሱ ይገባል፤ የሞቀው አየር በብርሃን ግቢዎቹ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። በክረምት ዝናቡም በእነዚያው ግቢዎች ይወርዳል። አዳራሹን የተሸከሙት ስምንት ምሰሶዎች ዳር ዳር ስለቆሙ መካከሉ ባዶ ነው፤ ሰልፉንም አየሩንም የሚያቋርጥ ነገር የለም። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ይህን ንድፍ የሚያጠና ሐኪም፣ ሽልማቱን የሰጡት ዳኞች ስለ ብርሃን ካወሩት ይልቅ ስለ አየሩ ቢያወሩ ኖሮ ብሎ መመኘቱ አይቀርም።

ብርሃኑም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በቂብላው ግንብ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ፤ ሰጋጁን ከመንገደኛ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳያጋጥመው ተዛንፎ የተሠራ ነው። በእርሱ የሚገባው ብርሃን አቅጣጫውን ያመለክታል። ይህ ከብዙ ጌጥ የሚሻል መፍትሔ ነው። በጣራው ላይ እንደ ከዋክብት የተበተኑትን ክብ ቀዳዳዎች ግን ያን ያህል አልወደድኳቸውም። ወለሉ ላይ የሚጥሏቸው የብርሃን ነጠብጣቦች ለፎቶግራፍ እጅግ ያምራሉ፤ ምናልባት ከመጠን በላይ። ግንቡ ሁሉ የሚናገረው ስለ አስፈላጊ ነገር ሲሆን እነርሱ ብቻ ለማማር የተደረጉ ይመስላሉ።

ወደ ቀረው ነገር ልመለስ። የቤንጋል ሡልጣኖች ዘመን መስጊዶች ጉልላት በጉልላት ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በባገርሃት የተሠራው የስድሳ ጉልላት መስጊድ፣ ስሙ ስድሳ ይበል እንጂ ጣራው ላይ 77 ጉልላቶች አሉት። ጡብ ብቻ ይዞ ሰፊ አዳራሽ መክደን የሚፈልግ ግንበኛ ጉልላት ግድ ይለዋል፤ ቅርጹ የተወለደው ጣራን ለመሸከም ነው። ዛሬ አርማታ ጠፍጣፋ ጣራ እንዲቆም ካስቻለ በኋላ፣ በጣራው ላይ የሚቀመጠው ጉልላት የሚሸከመው ትዝታን ብቻ ነው። የሚናራም ነገር እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻዊው ቢላል ኢብን ረባህ ነበሩ፤ አዛን ያደርጉ የነበረውም በመስጊዱ አጠገብ በነበረ በአንዲት ሴት ቤት ጣራ ላይ ወጥተው እንደ ነበር ይተረካል። የመዲናው መስጊድ ያኔ የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ የተምር ግንድ ምሰሶና የዘንባባ ክዳን ነበር። ሚናራው የመጣው በኋላ፣ በኡመያዎች ዘመን ነው። በእኛው አገር በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ብዙዎቹ የሠፈሩ ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ትናንሽ ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ታባሱም ከሃይማኖቱ ታሪክ አልወጡም፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ እንጂ።

ይህ ክርክር ግን በስደት ላለነው አደገኛ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊዘርላንድ ሕዝብ በ57.5 ከመቶ ድምፅ አዲስ ሚናራ እንዳይሠራ በሕገ መንግሥቱ ከለከለ፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ብቻ ነበሩ። በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ኤረንፌልድ ሠፈር፣ ፓውል ቦም የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ የተመረቀው መስጊድ 55 ሜትር የሚደርሱ ሚናራዎቹን ያቆመው ከዓመታት ሙግት በኋላ ነው። ለእነዚህ ከልካዮች ባይት ኡር ሩፍ ጥሩ መከራከሪያ ይመስላል፦ ተመልከቱ፣ በገዛ አገራቸው እንኳ ያለ ሚናራ ሠሩ! ይህን አልቀበልም። ፋይዳባድ ሚናራውን መተው የቻለችው ማንም ሊከለክላት ስለማይችል ነው። አዛኑ በከተማዋ በየአቅጣጫው ይሰማል፤ የሠፈሩም ሰው ሣጥኑ መስጊድ መሆኑን ለማወቅ ምልክት አያሻውም። በባዕድ አገር የሚሠራው ሚናራ ግን ከሥነ ሕንፃው ሌላ የሚናገረው አለው፤ እዚህ አለን ይላል። በአሜሪካ ከፕሮቴስታንቶች በገዙት ሕንፃ ላይ ጉልላትና መስቀል ለመትከል ዓመታት የሚለፉት የእኛው ኦርቶዶክሳውያን ምእመናንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጉልላቱ ከፋብሪካ ተገዝቶ የመጣ፣ መልኩም የማያምር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ይህን ተናግሬ አላፍርም። ነገር ግን በዚያ ጉልላት ላይ የሚስቅ ሃያሲ፣ ከሥሩ ያሉት ሰዎች ስንት ዓመት በተከራዩት ምድር ቤት እንደ ጸለዩ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በፎቶግራፎቹ ላይ ባይት ኡር ሩፍ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ወይም አንድ ሰው ብቻ በብርሃን ነጠብጣብ ውስጥ ተቀምጦ። እኔ የምመርጠው ከግንቡ ውጭ የተነሡትን ነው። ሕንፃው ጎርፍ እንዳይደርስበት ከመንገዱ ከፍ ባለ መደብ ላይ ቆሟል። በመደቡ ላይ ሽማግሌዎች ከሰላት በኋላ ተቀምጠው ያወጋሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ ከኋላቸው በጡቦቹ ወንፊት በኩል የአዳራሹ ጨለማ ይታያል።