ጣት የሚያርፍባቸው አውታሮች

ባለፈው ሁዳዴ የእናቴን የምርመራ ውጤት ስንጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። "ነገ ደውሉ" ይሉናል፤ እንደውላለን፤ "ገና ነው" ይሉናል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ "መንፈስ የሚያረጋጋ በገና" የሚል ቪዲዮ እከፍት ነበር። ከጀርባው የዝናብ ድምፅ አለ፣ ማሚቶ ተጨምሮበታል፣ ቃል የለውም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈስሳል። እኔ ግን አልተረጋጋሁም።

አንድ ሌሊት ያን ዘግቼ የዓለሙ አጋን በገና ከፈትኩ፤ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ስብስብ ውስጥ 11ኛ ቅጽ ሆኖ የወጣውን አልበም። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ "ይሄ እኮ የሚያስተኛ አይደለም፣ የሚያነቃ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልበሙን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ልክ ናት።

የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ ከእንዚራዋ ጋር እየተነካካ ይነዝራል፤ ያ የምናውቀው ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለስላሳ ድምፅ ቢፈለግ ኖሮ ቆዳዋን ማውጣት ይበቃ ነበር። "ለእርጋታ" ተብለው የሚዘጋጁት ቅጂዎች ግን ይህንን ንዝረት በዝናብና በማሚቶ ይሸፍኑታል። በእኔ ግምት የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። የበገና ጸጥታ ሁከት የሌለበት ጸጥታ አይደለም፤ ሁከቱን ይዞ መቀመጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በገና አሥር አውታር አለው፤ በትውፊት ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ይያያዛሉ። በጣት ሲደረደር ግን ድምፅ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው። የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። የዓለሙም ትልቁ ችሎታ ማረፍ ይመስለኛል። ከስንኝ ወደ ስንኝ ለመሄድ አይቸኩልም፤ ቃሉ ሲያበቃ አውታሩ ብቻውን ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል። ድምፁንም ከፍ አያደርግም፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ በቀስታ የሚያወራ ሰው ነው።

"አባታችን ሆይ"ን ስሙት። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው፣ ሁላችንም በጥድፊያ የምንጨርሰው ጸሎት ነው። በበገና ሲዘገይ ግን ሳላስተውለው የኖርኩት ነገር ታየኝ፤ እንጀራ የሚለመነው ለዕለቱ ነው። ለከርሞ አይልም፣ ለወሩ እንኳ አይልም። የፈጣሪ ፈቃድ እንዲሆን የሚጠየቀው ደግሞ እንጀራው ከመለመኑ በፊት ነው። ውጤት እየጠበቀ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ይከብዳል። እኔ በዚያ ሌሊት የምፈልገው "ነገ ደህና ነው" የሚል ቃል ብቻ ነበር። በገናው ያንን አልሰጠኝም። የዛሬን ግን ሰጠኝ።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። የበገና ግጥም አብዝቶ የሚናገረው ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ነው። ግፍ የደረሰበትን ሰው እንኳ "ሁሉም ያልፋል" ብሎ ዝም እንዲል ሊያባብለው ይችላል። በእግዚአብሔር መታመንና እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚምታቱት እንዲህ ሲሆን ነው። እናቴ ግን አላምታታቻቸውም። "እሱ ያውቃል" ትላለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስልኩን አንስታ የምትደውለው እሷው ነበረች።

የደርዳሪው ሕይወትም ለዚህ ቅሬታ መልስ አለው። ዓለሙ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምር ነበር። በደርግ ዘመን መንፈሳዊ ዜማ ከአደባባይ ሲገፋ ማስተማሩ ቀርቶ በሱቅ ሥራ ኖረ። ያ ዘመን መቼ እንደሚያልፍ ማንም አልነገረውም። ሲያልፍ ግን እጁ መደርደር አልረሳም። በአልበሙ ላይ የምንሰማው ያንን ሁሉ ዓመት የጠበቀ እጅ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ትዕግሥቱ የትወና የማይመስለው።

የእናቴ ውጤት በኋላ መጣ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ደግ ከሆነ በገናው ያመጣው ይመስላል፤ ክፉ ከሆነም በገናው የከዳን። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔ መናገር የምችለው ከውጤቱ በፊት ስለነበሩት ሌሊቶች ነው። አላስተኙኝም። ነገር ግን ንጋት ሲሆን ተነስቼ ቡና ማፍላት፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ስልኩ እስኪነሳ መጠበቅ እችል ነበር።

አልበሙን የምትሰሙ ከሆነ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ አትስሙት። እንቅልፍ ፈልጋችሁም አትክፈቱት።