አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራና የጎጃም ትውልድ

የአንድ አገር ታሪክ ጸሐፊ ሲባል በዚያው አገር ተወልዶ፤ የአባቶቹን ስም እየቈጠረ ያደገ ሰው ይታሰባል። የጎጃምን ትውልድ አስፍተው የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ግን የጎጃም ተወላጅ አልነበሩም። ከዓባይ ማዶ፤ ከኦሮሞ ወገን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም መጡ፤ በዚያም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ኖሩ። ከጽሕፈትም ጋራ የሥዕልን ሥራ ይዘው ነበር። ጽሑፋቸው በእጅ ጽሑፍነት ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ በ2003 ዓ.ም. በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» ተብሎ ታትሟል።

ይህን መጽሐፍ ለመመዘን አስቀድሞ የትውልድ ቈጠራ በጎጃም ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ያሻል። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር፤ ባለርስቱም በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ሐረጉን ቈጥሮ ከዋናው አባት መድረስ ነበረበት። ስለዚህ የአባቶች ስም የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ሳይሆን በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። አለን ሆበን የደጋ ዳሞትን ርስት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፤ አንድ ሰው የብዙ አባቶች ተወላጅ ሲሆን የሚከራከረው ግን አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ባደረገበት ሐረግ ነው። መሬት ያስገኘው ሐረግ ይታወሳል፤ ያላስገኘው ይረሳል።

እንግዲህ በመጽሐፉ የተዘረዘረው ትውልድ ሁሉ እንደ ዘመን መቍጠሪያ ሊወሰድ አይገባም። ከልጅ ወደ አባት የሚወጣው ስም በመካከል ሊጐድል፤ የባለሥልጣን ቤት ሐረግም ከድኻው ሐረግ ይልቅ ሊረዝም ይችላል። ጸሐፊው ለገዢው ቤት ቅርብ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ይኸው ቅርበት ጥቅም አለው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በንጉሥ ምኒልክ ድል ሆነው ተማርከዋል። የዚያን ዘመን ነገር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ከሸዋ ወገን ሆነው ሲጽፉ፤ ከጎጃም ወገን የሚያይ ጽሑፍ ባይኖር ተመራማሪው በአንድ ምስክር ብቻ በፈረደ ነበር።

የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ባዕድነትም እንደ ጉድለት ሊቈጠር አይገባም። ተወላጁ «ይታወቃል» ብሎ የሚያልፈውን፤ ከውጭ የመጣ ሰው ጠይቆ መማር ግድ ይሆንበታል። በሚቈጥሩት ሐረግ ውስጥ የራሳቸው አባት ስለማይገኝበት፤ የርስት ተከራካሪ ከሚያቀርበው ቈጠራ የእርሳቸው ቢለይ አያስደንቅም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ቈጠራውን ያጣምመው የነበረው ክርክር አብሮ ቀርቷል፤ ነገር ግን ቈጠራውን በሰው አፍ ሕያው አድርጎ ያቈየውም ያው ክርክር ነበር። መሬት የማያስገኝን ሐረግ ሰባትና ስምንት ትውልድ ድረስ ለልጁ የሚያስጠና አባት ከቶ ስንት ይገኛል? ስለዚህ ተመራማሪው የመጽሐፉን ሐረግ በየአውራጃው ከቀሩት አረጋውያን ቃል ጋራ አሁኑኑ ሊያስተያየው ይገባል። አረጋውያኑ ካለፉ በኋላ መጽሐፉ ያለ ተመሳካሪ ብቻውን ይቀራል፤ ስሕተቱንም ሆነ እውነቱን የሚለይለት አይገኝም።