ቅንጅት የሚፈተነው በወረዳ ነው

ኢትዮጵያ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ የሚሹትን አምስት እ.ኤ.አ. በ2015 ስትለይ የእብድ ውሻ በሽታና አባ ሰንጋ ተካተዋል። በተከታዩ ዓመትም ብሔራዊ የ«አንድ ጤና» ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅምሩ የሚመሰገን ነው፤ ይሁን እንጂ ቅንጅት የሚፈተነው በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በወረዳ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለዚህ አብነት ይሆናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ በመሆኑ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብና ክትባቱን ሳይዘገይ መጀመር ይኖርበታል። የነከሰው ውሻ ግን ለ10 ቀናት ተጠብቆ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ክትባቱን ማቋረጥ ይቻላል። ስለዚህ ታካሚው በጤና ጣቢያው፣ የውሳኔው መረጃ ደግሞ በእንስሳት ሐኪሙ እጅ ይገኛል። የሁለቱ ባለሙያዎች ተጠሪነት የተለያየ ነው። መረጃው በሥርዓት ሳይሆን በግል ትውውቅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ ክትባት ለማያስፈልገው ሰው ይባክናል፤ በዚያው ውሻ የተነከሱ ሌሎች ሰዎችም ሳይፈለጉ ይቀራሉ።

የአባ ሰንጋም ነገር ከዚህ አይለይም። በታካሚው ቆዳ ላይ ጥቁር ቁስል ያየ የጤና ባለሙያ ለእንስሳት ክሊኒኩ ካላሳወቀ መንጋው ሳይከተብ፣ የሞተው ከብት ሥጋም ሲከፋፈል ይቆያል።

የሚያስፈልገው ሌላ ኮሚቴ አይደለም፤ የጋራ ማሳወቂያ ቅጽ፣ በሁለቱም ወገን የታወቀ ተጠሪና ለውሻ ክትባት የተመደበ የወረዳ በጀት ነው። በውሻ አማካይነት የሚተላለፈው በሽታ የሚያስከትለውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የተገባው ዓለም አቀፍ ቃል የሚጸናውም ሆነ የሚፈርሰው በእነዚህ ነው።