አመለኛዋ ቮልሴ

ከጋራዥ ርቆ አሮጌ ቮልስ መያዝ መታደል ነው። የእኔዋ አመለኛ ናት፤ ጠዋት ብርድ ሲሆን ታኮርፋለች። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። የቮልስ መካኒክ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ስለዚህ ካንዴላ ፈትቶ መጥረግንም ሆነ ፑንቲና ማስተካከልን በገዛ እጄ ተማርኩ።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውሃ ፈላ የሚባል ጭንቀት የለም። ማራገቢያውንና ዲናሞውን የምታዞረው ግን አንዲት ቺንጋ ናት። ከተበጠሰች ቀዩ መብራት ይበራል፤ ያኔ ወዲያውኑ መቆም ነው። መለዋወጫ ቺንጋ፣ ቁልፍና ካቻቢቴ ካሉኝ ዛፍ ጥላ ሥር ቀይሬ እቀጥላለሁ።

ቮልስ በአገር ታሪክም ውስጥ አለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር። የእኔዋ ታሪክ ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ይበቃል። ባትሪዋ ሲደክም የሰፈሩ ልጆች ሳይጠሩ መጥተው ይገፉልኛል። ሞተሩ ሲነሳ ጩኸታቸውና የእሷ ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል፤ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።