«እወድሃለሁ» ለማን?

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ፣ በሳንጃ ሙቀት ውስጥ፣ ሁለት የሰሊጥ አጫጆች ጣት ለጣት ተቆላልፈው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። አንደኛው ሌላውን «ወንድምዓለም፣ እኔኮ እወድሃለሁ» ቢለውም የሚደነግጥ አይኖርም። ወዳጅነት ነው፤ በቃ። ይኸው ቃል በቪዲዮ ጌም ውስጥ ከወንድ ለወንድ ሲነገር ግን የፍቅረኛ ቃል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ አንድን ቃል የወዳጅ ወይም የፍቅረኛ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በየከተማችን ባሉት የጌም ቤቶች በብዛት የሚታየው እግር ኳስ ነውና፣ አንባቢ «በጌም ውስጥ ደግሞ ምን ፍቅር አለ?» ቢል አልፈርድበትም። አለ እንጂ! ታላላቆቹ ጌሞች ዛሬ እንደ ልብ ወለድ ታሪክ አላቸው። ተጫዋቹ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይናገራል፣ ይመርጣል፣ ያፈቅራል። ከሚያፈቅራቸውም መካከል የራሱ ጾታ ያላቸው ይገኙበታል። እኛ ዘንድ ድርጊቱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል፤ የብዙኃኑ ሃይማኖትም ያወግዘዋል። የሐያሲ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፊታችን የቆመው ሰው ነው ወይስ አሻንጉሊት? ጥያቄው ቀላል አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ፤ ስማቸው የሚነሣው ግን በስድብ ወይም በሹክሹክታ ነው። ሰውን ከስድብ አልፎ የማሳየት ዕዳ ያለበት ደግሞ ታሪክ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ቀልድ ቢጤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ፎልአውት 2» ውስጥ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት መጋባት ይቻላል፤ ጋብቻው የሚፈጸመው ግን የተቆጣ አባት መሣሪያ ደቅኖ ነው። ኋላ ቀልዱ ቀርቶ ምርጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ድራጎን ኤጅ 2» አራት የትግል ጓዶች የተጫዋቹን ፍቅር፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው፣ ኤሪክ ባሮን ብቻውን በሠራው «ስታርዲው ቫሊ» በተባለ የእርሻ ጌም ደግሞ ለጋብቻ የቀረቡ 12 ሰዎች አሉ። ስጦታ እያመላለሰ ወዳጅነቱን ያጠበቀ ተጫዋች፣ ጾታው ምንም ይሁን ምን፣ የወደደውን ያገባል።

እስቲ ይህን በአማርኛ እንፈትነው። እንግሊዝኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» አይለይም። ስለዚህ ደራሲው አንድ የፍቅር ቃል ይጽፍና ለወንዱም ለሴቷም ያድላል። አማርኛ ግን አፍጥጦ ይጠይቃል፤ «እወድሃለሁ» ወይስ «እወድሻለሁ»? ለማን? ለተርጓሚው የቀረችው ማምለጫ «አንቱ» ናት። ነገር ግን «እወድዎታለሁ» የሚል ጎረምሳ ባሏን አንቱ ትል የነበረችውን የጥንት ሚስት ያስታውሰን እንደሆነ እንጂ ፍቅረኛ አይመስልም! ቋንቋችን የሚያጋልጠው ይህን ነው። ያ ቃል ሲጻፍ ማንንም ፊቱ አላስቀመጠም። ለሁሉ የተሰፋ ልብስ ለማንም ልክ አይሆንም።

«ምርጫው ነጻነት ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በታሪክ ውስጥ ራሱን አይቶ ለማያውቅ ሰው በሩ መከፈቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ስለ ማንነቱ ማንንም እምቢ የማይል ተፈቃሪ የራሱ ልብ ያለው አይመስልም።

እምቢ የሚል ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ድራጎን ኤጅ፦ ኢንኩዊዚሽን» ዶሪያን የሚባል አስማተኛ አለ። የሚወደው ወንዶችን ነውና ሴት ሆኖ የመጣን ተጫዋች ፍቅር አይቀበልም። የትልቅ ቤት ሰው የሆነው አባቱ ልጁን በደም አስማት ሊለውጠው ሞክሮ ነበር፤ ለዘርና ለስም ሲል። አባትና ልጅ በመጠጥ ቤት ሲፋጠጡ የምናየው የጾታ ክርክር አይደለም፤ የሚወደውን ልጅ ሊሰብር የደረሰ አባት ነው። ይህን ለመረዳት አስማት ማወቅ አያሻም። የአባቱ ስም ሸክም የሆነበት የጎንደር ልጅ ሁሉ ይረዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ማስ ኢፌክት 3» ደግሞ ስቲቭ ኮርቴዝ የተባለ አብራሪ እናገኛለን። ሮበርት የተባለ የትዳር ጓደኛው በጠላት ወረራ ሞቶበታል፤ ኮርቴዝም የሟቹን የመጨረሻ ድምፅ ከመቅጃ እየከፈተ ያለቅሳል። ተጫዋቹ ወንድ ሆነ ሴት ሐዘኑ አይለወጥም፤ ሮበርት ሮበርት ነው። ያን የስንብት ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ለማን?» ብሎ አይጨነቅም። የሚነገረው ለአንድ ሰው፣ ለስቲቭ ነውና «አንተ» ይላል። የተጫዋቹን ፍቅር ከመጠየቁ በፊት ኮርቴዝ የራሱ ሙት አለው። ሰው የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ በየትም አገር ሐዘንተኛ ነው።

የሳንጃዎቹ ሁለት ጓዶች ቃልም የሚታመነው ለዚህ ነው። ወዳጅነት ይሁን ፍቅር፣ ቃሉ የሚጸናው የተነገረለት ሰው ሲታወቅ ነው። ጌም ሠሪዎች ስንት ዓይነት ፍቅር እንዳቀረቡ ይቆጥሩ ይሆናል፤ እኛ ግን ከዚያ መካከል ስንቱ ተነጋሪውን እንደሚያውቅ እንጠይቅ።