ቁስሉ እስኪደርቅ የማን ነው?

ግርዛት በሠለጠነ እጅ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቁስሉ ግን ለጨቅላ ሕፃን ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ለአዋቂ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪሽር 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ክፍያውም ምስጋናውም ለቆረጠው ይሆንና የቀረው ጊዜ ለእናት ይጣላል። እስላማዊ አመራር በሥራ ቦታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሶላት ሰዓት፣ ስለ መስገጃ ክፍል፣ ስብሰባን በዱዓ ስለ መክፈት ነው። መልካም ነገሮች ናቸው። የሙስሊም የክሊኒክ ኀላፊ አማና (አደራ ጠባቂነት) የሚመዘነው ግን ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ባሉት ቀናት ይመስለኛል።

ለዚህ ከሊቃውንቱ በቂ መሠረት አለ። አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ሐዲስ ሕክምና ሳያውቅ ያከመን ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም ገራዥን ከሐኪምና ከዋግምት አድራጊ ጋር አንድ ላይ መድበው፣ ሙያውን የሚያውቅና እጁ ከወሰን ያላለፈ ከሆነ ካሳ የለበትም፣ ካልሆነ አለበት ብለዋል። ልጁ ደካማ ከሆነ እስኪጠነክር ይቆይ ያሉም አሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ጥያቄያቸው ግርዛቱ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም በሚለው አለመቆሙ ነው፤ ልጁ ምን ደረሰበት ብለውም ይጠይቃሉ። ኀላፊነት እስከ ውጤቱ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ የክሊኒኩ ሥራ መቀሱ ሲታጠብ አያበቃም።

ጉዳቱ የሚደርሰው በጥቃቅን ነገር ነው። ከግርዛቱ በፊት በቤተሰቡ ደም አልቆም የሚለው ሰው መኖሩ ይጠየቃል። የሽንት ቀዳዳው ከቦታው ወርዶ ከታች ከሆነ ልጁ አይገረዝም፤ ያ ቆዳ ወደፊት ለሚደረገው ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከግርዛቱ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ስጋት መድማት ነው፤ ስለዚህ ፋሻው ሳይታይ ልጁ አይሸኝም። በጨቅላ ሕፃን ጫፍ ላይ የሚታየው ስስ ቢጫ ሽፋን የመዳን ምልክት እንጂ መግል አይደለም፤ ይህ ያልተነገራት እናት ግን ፈትጋ ታነሳውና ቁስሉን እንደገና ታደማዋለች። መቅላቱ ወደ ሆድ ከተስፋፋ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ተጭነው ይዘውትም ደሙ ካልቆመ፣ ወይም ልጁ ግማሽ ቀን ሙሉ ሽንት ካልሸና ሌሊትም ቢሆን መምጣት አለበት። ሲመጣ ማን ይቀበለዋል? ስልኩንስ ማን ያነሳል? ይህን የሚመልሰው ፈረቃ የሚያወጣው ኀላፊ ነው። ሹራም (መመካከር) ትርጉም የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው፤ ወጣቷ ነርስ «ይህ ልጅ ዛሬ አይገረዝ» ስትል፣ ዘመድ ተጠርቶ ድግስ ተደግሶም ቢሆን፣ የሚሰማት አለቃ ካለ።

አባቶቻችን በዐመድና በቅቤ ድነዋል የሚል ይኖራል። የዳኑት ዳኑ፤ ያልዳኑት መጥተው አይናገሩም። ዐመድና እበት የተደረገበት ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል። በልማድ ለሚከራከር ሰው ደግሞ የኮርዶባውን አል-ዘህራዊን መጥቀስ ይበቃል። በ1013 ገደማ ያረፈው ይህ ሊቅ ስለ ልጆች ግርዛት ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩትን መንገዶች አወዳድሮ መቀስን መርጧል። ለአባቶች ያለው ክብር ከማወዳደር አላገደውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የሕክምና መመሪያ እያለ ሃይማኖትን ወደ ሥራ ቦታ ማስገባት ለምን? በክሊኒኩ ክርስቲያን ነርስ አለች፤ በስምንተኛው ቀን የሚገረዝ የክርስቲያን ልጅም ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አማናን በሠራተኛ ላይ የሚጭን አለቃ ካለም ተሳስቷል። አማና የሚያስረው ራሱን ኀላፊውን ነው። መመሪያው ልጁ በ2ኛውና በ7ኛው ቀን ይታይ ይላል፤ በተግባር ግን ያላመጡትን ደውሎ የሚጠራ ካልተመደበ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ሃይማኖት ለመመሪያው ጉልበት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሴት ልጅ እንድትገረዝ በሃይማኖት ስም የሚጠይቅ ወላጅ ሲመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንደሚከለክለው ከመንገር አልፎ፣ ጉዳት ማድረስ በዲኑም እንደማይፈቀድ አስረድቶ የሚመልሰው ሙስሊም ኀላፊ ይበልጥ ይደመጣል።

ጊዜና ሰው የለንም የሚለው ምክንያት ብዙም አያሳምነኝም። አንድ ስልክና አንድ መዝገብ ክሊኒክ አያከስርም። ኀላፊ የሆናችሁ ሁሉ መዝገባችሁን ግለጡና ባለፈው ወር ከተገረዙት ልጆች ስንቱ ተመልሶ እንደታየ ቁጠሩ። የሚቆጠር ነገር ካልተጻፈ ሥራችሁን ከዚያው ጀምሩ።